የባሕር አውሮፕላኖች ስም አወጣጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። የአውሮፕላን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በመሥሪያ ቤት ነው። የቀድሞዎቹ የባሕር አውሮፕላኖች ታሪክ የሚያሳየን፣ ስም የሚጸናው ለሚጠራው ሰው ሲያገለግል መሆኑን ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብሪታንያ አየር ሚኒስቴር ለጦር አውሮፕላኖች የስም ሥርዓት አወጣ። በዚህም መሠረት በጀልባ ቅርጽ የተሠሩት ትልልቅ የባሕር አውሮፕላኖች በወደብ ከተሞች ይሰየሙ ነበር። በ1925 የበረረው ሳውዝሃምፕተንና በ1937 የበረረው ሰንደርላንድ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። የከተማውን ስም የሰማ ባለሙያ የአውሮፕላኑን ዓይነት ወዲያውኑ ይረዳ ነበር።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ደግሞ በፊደላት ይጠቀም ነበር። በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው አውሮፕላን «ፒ.ቢ.ዋይ.» ተባለ፤ «ፒ» ቅኝትን፣ «ቢ» ቦምብ ጣይነትን፣ «ዋይ» ደግሞ ኮንሶሊዴትድ የተባለውን ሠሪ ኩባንያ ያመለክታሉ። ይህ ለመዝገብ ቤት የሚበጅ፣ ለአንደበት ግን የማይመች ስም ነበር። እንግሊዞች በካሊፎርኒያ ጠረፍ አጠገብ በምትገኘው ደሴት ስም «ካታሊና» አሉት፤ አሜሪካኖችም በ1941 ይህንኑ ስም ተቀበሉ።

ሦስተኛውን ስም ያወጡት ግን በሥራው ላይ የነበሩት ሰዎች ናቸው። በፓስፊክ ጦርነት ወቅት በባሕር ላይ የወደቁትን ለመፈለግ የሚወጣው አውሮፕላን «ዳምቦ» ተባለ፤ ዳምቦ በ1941 በወጣ የዲስኒ ፊልም ውስጥ በጆሮዎቹ የሚበር የዝሆን ግልገል ነው። ውሎ አድሮም ስሙ ከአውሮፕላኑ ወደ ተግባሩ ተሻገረ፤ ለነፍስ አድን የተላከ ሌላ ዓይነት አውሮፕላንም ዳምቦ ይባል ጀመር።

የተግባሩን ክብደት አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ኢንዲያናፖሊስ የተባለችው የጦር መርከብ ከሰመጠች በኋላ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1945 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር)፣ አብራሪው አድሪያን ማርክስ በክፍት ባሕር ላይ ማረፍን የሚከለክለውን ትእዛዝ አልፎ ካታሊናውን በማዕበሉ መካከል አሳረፈ። 56 ሰዎችን ከውኃ አወጣ፤ ውስጡ ሲሞላም የቀሩትን በክንፎቹ ላይ አሰራቸው። አውሮፕላኑ ተጎድቶ ዳግመኛ ሊነሣ ባይችልም፣ መርከብ እስኪደርስ ድረስ ተንሳፋፊ መጠለያ ሆነላቸው።

እንግዲህ እኛም ለመሣሪያም ሆነ ለአገልግሎት ስም ስናወጣ፣ በመዝገብ ላይ ማማሩን ብቻ አንመልከት። በጭንቅ ሰዓት የሚጠራው ማን እንደ ሆነ፣ ሲጠራውም ምን ዓይነት ርዳታ እንደሚጠብቅ አስቀድመን እንጠይቅ።