ሥራው ለመጀመር ተሰናድቷልን?



ልደታ ሲባል ለዛሬው የአዲስ አበባ ነዋሪ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። የቀድሞው ትውልድ ግን ሥፍራውን የሚያውቀው በአውሮፕላን ማረፊያው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 የተባለውን ጄት ለማስገባት ባሰበ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ የልደታው ማኮብኮቢያ አጭር ሆኖ ተገኘ። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ለመነሣት ረዥም መንደርደሪያ ይሻል። ስለዚህም በቦሌ አዲስ ጣቢያ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ማኮብኮቢያውና የመቈጣጠሪያው ማማ አገልግሎት ለመስጠት በቁ። ለጄት ማረፍ የግድ የሚያስፈልጉት እነዚህ ነበሩ፤ የመንገደኛ መቀመጫ ቢዘገይ ግን አውሮፕላኑን ከማረፍ አያግደውም።

የሶፍትዌር ሠራተኞችም ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሥራ ሰባት ባለሙያዎች ባወጡት መግለጫ አጃይል የተባለው አሠራር ስም አገኘ። ከእርሱ ጋር የሚቈጠረው የስክረም መመሪያ ሥራ «አለቀ» የሚባልበትን መስፈርት በግልጽ ይጠይቃል፤ ለመጀመር ስለ መሰናዳቱ ግን የሚለው ጥቂት ነው፤ ይኸውም ቡድኑ ከአንድ ወር በማይበልጥ አንድ ዙር ውስጥ ሊፈጽመው የሚችል ሥራ ዝግጁ ነው የሚል ነው። ብዙ ቡድኖች ክፍተቱን የሚሞሉት ረዥም ዝርዝር በማውጣት ነው። ዝርዝሩም ውሎ አድሮ በር ጠባቂ ይሆናል፤ ፊርማው ካልተሟላ ማንም ሥራ አይነካም። ይህ አጃይል ሊሸሸው የተነሣውን የወረቀት ሥራ በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ቡድን የልደታ ባለጉዳዮችን ቀጠሮ በስልክ መልእክት የሚያስታውስ ፕሮግራም እንዲሠራ ታዘዘ እንበል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ይሁንና ችሎቱ የሚሰየመው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን የኮምፒዩተሩ ሰዓት 9 ይላል። መልእክቱ «9 ሰዓት» ብሎ ቢወጣ ባለጉዳዩ ከቀትር በኋላ ይመጣል፤ ከሳሽ ከሆነም መዝገቡ ተዘግቶ ሊጠብቀው ይችላል። የቀኑም አቈጣጠር እንዲሁ ነው፤ ጥር 5 እና ጃንዋሪ 5 አንድ ቀን አይደሉም። ቀጠሮ ሲለወጥ ለፕሮግራሙ የሚያስታውቀው ማን እንደሆነም ሊታወቅ ይገባል።

እነዚህ ሦስቱ ካልተመለሱ ሥራው አልተሰናዳም። የመልእክቱ ቃላት አመራረጥ፣ የገጹ መልክ፣ የሪፖርቱ ዓይነት ግን በሥራው መካከል ሊወሰኑ ይችላሉ፤ እነርሱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ለመመለስም ቅጽ መሙላት አያሻም፤ ፕሮግራም አዘጋጁ ሬጅስትራሩ ዘንድ ግማሽ ቀን ቢቀመጥ ቀጠሮ እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚሰረዝ በዓይኑ ያያል።