ድልድል ሲመጣ



በ2003 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ ሲዋቀር አመራሩ ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። ሠራተኛው እንደ አዲስ ተደለደለ፤ ብዙዎችም ቦታ አጥተው ወጡ። በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ተቋም ተከፈለ።

እንዲህ ባለ የመዋቅር ለውጥ ጊዜ ሠራተኛውን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ዝምታ ነው። ወሬ ከደብዳቤ ይቀድማል፤ ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች በጎሪጥ ይተያያሉ። እንደ መካነ ሰላም ባለ አነስተኛ ከተማ ደግሞ አንዱ መሥሪያ ቤት በሩን ሲዘጋ የሚንኳኳ ሌላ በር ጥቂት ነው። አንድ ደመወዝ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ደብተር፣ ገጠር ላሉ ወላጆች የማዳበሪያ መግዣ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና ከሠራተኛው ተወካዮች ጋር ምክክርን ይጠይቃል። ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

እናንተ ኃላፊዎች፣ የድልድሉን መስፈርት አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩ። ቦታ ያገኛችሁም ያላገኘውን ባልደረባችሁን ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ክፍት ሥራ ስትሰሙ ንገሩት። ሰው ከመዋቅር ይበልጣልና።