የማይናወጥ ሥዕል በርካሽ ዋጋ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ አንድ መሣሪያ አሠራር እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ፣ ርእሱ ለዚህ መድረክ የሚመጥን መሆኑን ተጠራጥሬ ነበር። መሣሪያው ከውሃ ቧንቧ፣ ከጥቂት ብሎንና ከአንድ ኪሎ ብረት የሚሠራ የካሜራ ማረጋጊያ ነውና። ነገር ግን ዋጋው ያነሰ ነገር ሁሉ ጥቅሙም ያነሰ እንዳልሆነ ያስተማረኝን አንድ ገጠመኝ ባስታወስሁ ጊዜ ግብዣውን ተቀበልሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ በገና ደርዳሪ ነበሩ። በዐቢይ ጾም ሰሞን በገናቸውን ተሸክመው ከቤታቸው ወደ ደብሩ የሚያደርሰውን ዳገት ሲወጡ፣ እኔ ካሜራዬን በእጄ ይዤ የኋልዮሽ እየተራመድሁ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ቀረጽኋቸው። አሥሩን አውታር እንዴት እንደሚቃኙ፣ ድርደራውንም ከማን እንደ ተማሩ እያረፉ ይነግሩኝ ነበር። ወደ ከተማ ተመልሼ ሥራውን ስመለከተው ድምፁ የጠራ ነው፤ ሥዕሉ ግን ከእርምጃዬ ጋር እየዘለለ ዓይን የሚያዞር ሆኖ አገኘሁት። እንደገና ሄጄ እቀርጻለሁ እያልሁ ቀን ስቆጥር እርሳቸው ዐረፉ። ልጃቸው ያን ሥዕል ፈልጋ በመጣች ጊዜ ልሰጣት የቻልሁት ድምፁን ብቻ ነበር። እርሷም፣ «የአባባን ድምፅ እኔም አልረሳሁትም፤ የፈለግሁትስ አካሄዳቸውን ነበር» አለችኝ።

ለዚህ ጥፋት ካሜራውን መውቀስ አይቻልም። ሰው ሲራመድ በአንድ ሰከንድ ኹለት ጊዜ ያህል መሬት ይረግጣል፤ እያንዳንዱም እርግጫ በወገብና በትከሻ በኩል ዐልፎ እጅ ላይ ይደርሳል። የገዛ ዓይናችን ይህን ነውጥ የማያስተውለው፣ በውስጠኛው ጆሯችን ያለው የሚዛን አካል የራሳችንን መነቅነቅ ለዓይን ጡንቻዎች እያስታወቀ ዓይናችን በተቃራኒው እንዲዞር ስለሚያደርግ ነው። ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ረዳት የለውም፤ የተሰጠውን ሁሉ፣ ነውጡንም ጭምር፣ በታማኝነት ይመዘግባል።

የፊልም ሙያ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሲፈልግ ብዙ ዘመን ቈይቷል። ካሜራን በሐዲድ ላይ በሚገፋ ጋሪ መጫንና በክሬን ማንሣት የቈዩ ዘዴዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ሐዲድ በደረጃ ላይ አይወጣም፤ በጠባብ በርም አያልፍም። አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን ስቴዲካም የተባለውን መሣሪያ ፈልስፎ፣ ካሜራው በሰው አካል ላይ ሆኖ ከሰው አካል ነውጥ ግን ነጻ እንዲሆን አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው «ባውንድ ፎር ግሎሪ» በተባለው ፊልም ብራውን ካሜራውን እንደ ያዘ ከክሬን ላይ ወርዶ በስደተኛ ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ በሕዝብ መካከል ሲያልፍ የሚታየው ትዕይንት፣ በዚያው ዓመት በወጣው «ሮኪ» የተባለ ፊልምም በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃ ላይ የሚደረገው ሩጫ የዚሁ መሣሪያ ውጤቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978ም የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለፈጠራው የኦስካር ሽልማት ሰጠ።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ገዝቶ መያዝ ለብዙዎቻችን የሚቻል አይደለም። ዳሩ ግን ዋጋው የሚከፈልበት አሠራሩ ነው እንጂ የቆመበት ሕግ በነጻ የተሰጠ ነው። ሕጉንም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ አጭር እንጨትና አንድ ረጅም ዱላ በየተራ በጣታችሁ ጫፍ ላይ ለማቆም ሞክሩ፤ ረጅሙ ይበልጥ ይታዘዛል፤ አጭሩ ቶሎ ይወድቃል። ክብደቱ ከመሐል የራቀ ነገር ቶሎ አይዞርምና። ያው ክብደት በእጥፍ ርቀት ላይ ቢቀመጥ የመዞር እምቢታው አራት እጥፍ ይሆናል። ኹለተኛውን ሕግ ደግሞ ግንበኛ በቱንቢው ያሳየናል፤ ክብደቱ ከተንጠለጠለበት ነጥብ በታች የሆነ ነገር ራሱን ቀጥ ያደርጋል። ማረጋጊያ ማለት የእነዚህ የኹለቱ ሕጎች ጋብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። እያንዳንዳቸው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑና በኹለቱም ጫፍ ጥርስ የወጣላቸው ሦስት ቁራጭ የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ቲ፣ ሦስት የቧንቧ መክደኛ፣ ኹለት ብሎን ከነዳዷቸው፣ እንዲሁም መሐሉ ቀዳዳ የሆነ አንድ ኪሎ ያህል ብረት ያስፈልጋል። ለዚህ የመጨረሻው ምናለሽ ተራ የሚገኝ ከአሮጌ መኪና የወጣ ጥርስ ይበቃል። ኹለቱ ቧንቧዎች በቲው ላይና ታች ገብተው አንድ ምሰሶ ይሆናሉ፤ ሦስተኛው በጎን ወጥቶ እጀታ ይሆናል። የላይኛው መክደኛ ተበስቶ ካሜራውን የሚይዘው ብሎን ይወጣበታል፤ በታችኛው ላይ ብረቱ ይታሰራል። ጆኒ ሊ የተባለ አሜሪካዊ ይህን የመሰለውን ማረጋጊያ በ14 ዶላር ሠርቶ አሠራሩን ለሁሉም በነጻ ማሳየቱ ይታወቃል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በካሜራ ሥር ያለው ቀዳዳ የሩብ ኢንች ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ አለው። የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በዓይን ሲታይ ይመስለዋል፤ በግድ ቢያስገቡት ግን የካሜራውን ጥርስ ይበላል። ብሎኑም ከመክደኛው በላይ ከ5 ሚሊ ሜትር የበለጠ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ይገባል።

አያያዙም ጥበብ ይጠይቃል። አንዱ እጅ እጀታውን ይይዛል፤ የሌላው እጅ ኹለት ጣቶች የታችኛውን ቧንቧ በቀስታ ይመራሉ። አጥብቆ የጨበጠ ሰው የገዛ ነውጡን ለመሣሪያው ያበድረዋል። ጉልበት ሸብረክ፣ እርምጃም አጠር ይበል፤ ውሃ የሞላ ዕቃ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚሄድ አስቡ።

ይህን የለመደ ሰው ወደ ኹለተኛው ደረጃ ማለፍ ይችላል። በዚህኛው እጀታው በቀጥታ አይታሰርም፤ በየአቅጣጫው በሚታጠፍ መጋጠሚያ ላይ ይቀመጣል እንጂ። ካሜራው በትንሽ ሳንቃ ላይ ሆኖ፣ ከሳንቃው በታች በግማሽ ክብ የጎበጠ ጠፍጣፋ ብረት ክብደቱን ይሸከማል። ሚዛኑ በቀላል ስሌት ይገኛል፤ 600 ግራም የሚመዝን ካሜራ ከመጋጠሚያው 10 ሳንቲ ሜትር በላይ ቢሆን፣ 300 ግራም ክብደት 20 ሳንቲ ሜትር በታች ሆኖ እኩል ያደርገዋል። ከዚያም ታችኛው ጥቂት እንዲያይል ይደረጋል። ለመፈተን መሣሪያውን አጋድማችሁ ልቀቁት፤ ከኹለት እስከ ሦስት ሰከንድ ባለው ጊዜ ቀጥ ካለ መልካም ነው። ከዚያ ከፈጠነ ታቹ ከብዷል፤ በቆማችሁና በተነሣችሁ ቁጥር እንደ ሰዓት እንጥልጥል ይወዛወዛል። በስልክ የምትቀርጹ ደግሞ ስልኩ በጣም ቀላል ስለሆነ ከሥሩ ብረት ጨምራችሁ አክብዱት።

«ዛሬ በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ ማረጋጊያ በየስልኩ ውስጥ እያለ ቧንቧ መሸከም ለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሞተር የሚሠሩት ማረጋጊያዎች ግሩም ናቸው፤ የሚችል ይግዛቸው። በኮምፒዩተር የሚደረገው ማስተካከያ ግን የሥዕሉን ጠርዝ እየቈረጠ ነው የሚያረጋጋው፤ ደግሞም በሰከንድ 25 ሥዕል ስንቀርጽ እያንዳንዱ ሥዕል በተነሣበት ቅጽበት በነውጥ የደበዘዘውን መልሶ ሊያጠራው አይችልም። ቧንቧው በበኩሉ ነውሮች አሉት። ካሜራውን ሳይጨምር ኹለት ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ክንድ ያደክማል፤ ነፋስ ሲነሣ ይሸነፋል፤ እንደ ስቴዲካም ባለ ስፕሪንግ ክንድ ስለሌለው የእርምጃን ወደ ላይና ወደ ታች ማለት በሙሉ አያጠፋም። ባትሪው ግን አያልቅበትም፤ ሲበላሽም ጠጋኙ ራሱ የሠራው ሰው ነው።

ባልደረቦቼ፤ ወጣት ሙያተኞች «ዕቃ ሲሟላልኝ እጀምራለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። እኛ ዕቃ ስንጠብቅ የምንቀርጻቸው ሰዎች አይጠብቁንም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደዚያ ቀበሌ ተመልሼ ነበር። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ያንኑ በገና ተሸክሞ ያንኑ ዳገት ሲወጣ በቧንቧዬ ቀረጽሁት። ማታ እናቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ተመለከተችው፤ ከዚያም፣ «እስቲ ድገምልኝ» አለችኝ።