መጀመሪያ የሚወደውን ጻፉለት

የቴአትር ተመራቂዎች፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። 

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ፊልም ውስጥ ሐዲድ ካየሁ ዓይኔ ከዚያ አይነቀልም። «ዘ ስቴሽን ኤጀንት» የሚባለውን ፊልም የከፈትኩትም ለባቡሩ ስል ነበር። ባቡር ልይ ብዬ ተቀምጬ አንድ ተዋናይ አየሁ፤ ፒተር ዲንክሌጅ ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

አብዛኞቻችሁ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ቲሪየን ላኒስተርን ሲጫወት አይታችሁታል። በዚያ ሚና አራት ጊዜ የኤሚ ሽልማት ወስዷል። ስለ ሽልማቱ ይህን ያህል ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት የነበረው ሰው ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገራችሁ፤ በ1969 ኒው ጀርሲ ተወለደ። እናቱ የሙዚቃ መምህርት፣ አባቱ የኢንሹራንስ ሻጭ ነበሩ። አኮንድሮፕላዥያ የሚባል የዘረ መል ለውጥ አብሮት ተወለደ። ይህ ለውጥ የክንድና የእግር አጥንት እንዳይረዝም ያደርጋል፤ አእምሮን አይነካም። እንዲህ ሆነው ከሚወለዱ ልጆች የአብዛኞቹ ወላጆች ቁመታቸው እንደማንኛችንም ነው። እርግማን የለበትም፣ የእናት ጥፋትም የለበትም። ይህን የምናገረው እዚህ ለተቀመጣችሁ ወላጆች ጭምር ነው።

በ1991 ከቤኒንግተን ኮሌጅ በድራማ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቱን በ2012 ወደዚያው ኮሌጅ ተመልሶ ለተመራቂዎች ራሱ ተርኮታል። ኒው ዮርክ ገባ፤ ብሩክሊን ውስጥ ማሞቂያ የሌለው፣ አይጥ የሚመላለስበት ቤት ተከራየ። ፒያኖ መደብር ውስጥ አቧራ አራገፈ። በኋላ አንድ ቢሮ መረጃ ወደ ኮምፒዩተር የማስገባት ሥራ ሰጠው። ሥራውን እየጠላው ስድስት ዓመት ሠራበት። በዚያ ዘመን እሱን ለመሰለ ሰው የሚመጣው ሚና የገና አባት ረዳት ወይም የተረት ፍጡር መሆን ነበር። እሱ ግን አልፈልግም አለ።

እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። አንድ ሰው «እምቢ አለ» ሲባል ጀግንነቱን እናደንቃለን፤ የቤት ኪራዩን ማን እንደከፈለው ግን አንጠይቅም። ለዲንክሌጅ እምቢታ የከፈለው ያ የሚጠላው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ነገ ባንክ ቤት ወይም የሰው ሱቅ የሚቀጠር ካለ ቀና ብሎ ይሂድ። ዲግሪውን እንዳባከነ የሚነግረውን ሰው አይስማ። ማታ ማታ ግን ጽሑፉን ያንብብ፣ ድምፁን ያሠልጥን። ዲንክሌጅ 29 ዓመት ሲሞላው ቢሮውን ለቀቀ፤ ክፍያው ትንሽ የሆነ አንድ ተውኔት ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሲለቅም ምንም ይከፈለው ምን ኑሮውን በትወና ለመምራት ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ስድስት ዓመት ቢሮ የቆየ ሰው ያን ቃል መግባቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የመጀመሪያ ፊልሙ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 የወጣው «ሊቪንግ ኢን ኦብሊቪየን» ነው። እዚያ ውስጥ የሚጫወተው ለአንድ የሕልም ትዕይንት የተቀጠረ ተዋናይ ሆኖ ነው፤ የሚፈለገውም ቁመቱ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው። ገጸ ባሕርዩ ይቆጣል፤ እኔ እንኳ በሕልሜ እንዲህ ያለ ሰው አላይም ብሎ ዳይሬክተሩን ያፋጥጠዋል። በ2003 ደግሞ ቶም ማካርቲ ጽፎ ያዘጋጀው የእኔ የባቡር ፊልም መጣ። ፊን የሚባለው ሰው የሞዴል ባቡር ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ወዳጁ ሲሞት የተተወ የባቡር ጣቢያ ያወርሰዋል፤ እዚያ ገብቶ ይኖራል፤ ሐዲድ ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል። ሰው ዝም ብሎ ቢተወው ደስ ይለዋል፤ ሰው ግን አይተወውም። አንድ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ባንኮኒው ላይ ይወጣና ያፈጠጡበትን ሁሉ፣ እነሆ ጠግባችሁ እዩኝ ይላቸዋል።

የማካርቲን ብልሃት ልብ በሉልኝ። ለፊን አስቀድሞ የሰጠው የሚወደውን ነገር ነው። የባቡርን ነገር አብጠርጥሮ ያውቃል፤ ስለ ባቡር ሲያወራ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ከአባቴ ጋር የተቀመጥኩ ነበር የመሰለኝ። ሐዘኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ቴአትር ቤት ቁመቱ አጭር የሆነ ባልደረባ ነበረን። ድምፁ ጎርናና፣ አማርኛው ጥርት ያለ። የሁላችንንም ቃለ ተውኔት በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ልምምድ ላይ የቀረ ሰው ካለ ከተቀመጠበት ሆኖ ይሞላለት ነበር። መጋረጃ ሲገለጥ ግን አንጠልጥለው ያስገቡታል፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ አንጠልጥለው ያስወጡታል። ምን መጫወት ትፈልጋለህ ብዬ ስጠይቀው ዳኛ መሆን አለኝ፤ ችሎት ላይ የተቀመጠን ሰው ቁመት ማን ይለካዋል አለ። የዳኛ ሚና ሳያገኝ ቴአትሩን ተወ።

በ2014 በወጣው የ«ኤክስ ሜን» ፊልም ዲንክሌጅ ቦሊቫር ትራስክ የሚባል የጦር መሣሪያ ሠሪ ሆኖ ሲገባ ባልደረባዬን አሰብኩት። ሚናው ቁመትን የሚጠይቅ አልነበረም። እሱ የተጫወተውን «ሲራኖ»ንም እዩ። ባለቤቱ ኤሪካ ሽሚት ለመድረክ ስትጽፈው የገጸ ባሕርዩን የታወቀ ረጅም አፍንጫ ትታ ፍቅሩን ያዘች፤ በ2021 ፊልም ሆነ።

አሁን ልቆጣችሁ ነው። በየቴሌቪዥኑ በምናያቸው ቀልዶች ውስጥ አጭር ሰው ከረጅም ሰው አጠገብ የሚቆመው እስከ መቼ ነው? ያንን የሚጽፉት ከእናንተ በፊት በዚህ አዳራሽ የተመረቁ ናቸው። ያን ሳቅ ለማግኘት ጸሐፊው ምንም አልደከመበትም፤ ሳቁን ያመጣው የተዋናዩ ገላ ነው። ተዋናዩም አማራጭ ስላጣ ይቀበለዋል።

አማራጭ ማጣት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በ2022 ዲንክሌጅ፣ ዲዝኒ የበረዶዋን ልጅና የሰባቱን ድንኮች ተረት እንደገና ሊሠራ መሆኑን አጥብቆ ነቀፈ። ዲዝኒ ከባለጉዳዮቹ ጋር እየተመካከርኩ ነው አለ። ፊልሙ በ2025 ሲወጣ ሰባቱ በኮምፒዩተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ። እንደ ዲንክሌጅ ቁመታቸው ያጠረ አንዳንድ ተዋንያን፣ እንጀራችንን አስቀረህብን ሲሉ ወቀሱት። እኔ ሁለቱንም ወገን አምናለሁ። እሱ የጠላው ተረት በእርግጥ የሚጠላ ነው፤ እነሱ ያጡት ሥራም እውነተኛ ሥራ ነው። ሌላ በር ሳይከፈት ያ በር ከተዘጋ ረሃቡ በማን ላይ ይወድቃል? ሌላውን በር የሚከፍተው ጸሐፊ ነው። ዳኛውን፣ ነርሷን፣ የሒሳብ መምህሩን፣ ባቡር ነጂውን መጻፍ የእናንተ ፋንታ ነው። ስትጽፉም ከሰውየው ቁመት አትጀምሩ፤ ማለዳ ተነሥቶ ምን እንደሚናፍቅ ጻፉ።

ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የልምምድ አዳራሼ ለእናንተ ክፍት ነው። እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ የጻፈ ሁሉ ጽሑፉን ይዞ ይምጣ፤ ጮክ ብለን እናነበዋለን። ተዋናዩንም አብረን እንፈልጋለን። እንኳን ደስ አላችሁ።