አስተማማኝ ፕሮግራም የመሥራት ሙያ፤ ምርምሩና ትምህርቱ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ ፕሮግራም አስተማማኝ ለመባል ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛው የታዘዘውን በትክክል መፈጸም ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተበላሸ ወይም ሆን ተብሎ ለጥፋት የተዘጋጀ መረጃ ሲቀርብለት ከሥርዓቱ ሳይወጣ መመለስ መቻሉ ነው። የሙያው ትምህርት ለመጀመሪያው ሲደክም ሁለተኛውን ለረጅም ዘመን ችላ ብሎታል። ይህ ጉድለት ያስከተለውን ጉዳትና የሚታረምበትን መንገድ ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የተፈጸሙ ሁለት ነገሮችን ማነጻጸር ይበቃል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በማዲሰን ከተማ በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርስቲ ያስተምሩ የነበሩት ባርተን ሚለር፣ በዚያ ዓመት በአንድ የወጀብ ሌሊት ከቤታቸው ሆነው በስልክ መስመር በዩኒቨርስቲው ኮምፒዩተር ይሠሩ ነበር። ዝናቡ መስመሩን ስላወከው ትርጉም የሌላቸው ፊደላት በሚጽፉት መካከል ይገቡ ጀመር። መምህሩን ያስደነቃቸው ግን በየዕለቱ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች በእነዚህ ፊደላት ምክንያት በድንገት መቋረጣቸው ነበር። ስለዚህም ጉዳዩን ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ አድርገው ሰጡት፤ ይኸውም በዘፈቀደ የተደረደሩ ፊደላትን የሚያመነጭ ፕሮግራም ሠርተው የዩኒክስን መገልገያ ፕሮግራሞች እንዲፈትኑበት ነው። «ፈዝ» የተባለው የዚህ ፈተና ውጤት በ1990 ሲታተም፣ በተፈተነው በእያንዳንዱ የዩኒክስ ዓይነት ከመገልገያዎቹ ከ25 እስከ 33 በመቶ የሚሆኑት መውደቃቸው ታወቀ። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ፕሮግራሞቹ የተቀበሉትን መረጃ ርዝመት አለመመርመራቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርስቲ ተማሪ በኢንተርኔት የለቀቀው ፕሮግራም ራሱን እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ተዛመተ። ከመግቢያዎቹ አንዱ ይኸው ጉድለት ነበር። ፊንገር የተባለው አገልግሎት ለሚቀበለው ጥያቄ ያዘጋጀው ቦታ 512 ባይት ሲሆን፣ የተላከበት 536 ባይት ነበር። የተረፈው ከቦታው አልፎ ፕሮግራሙ ቀጥሎ የሚሄድበትን አድራሻ ስለ ለወጠው፣ ኮምፒዩተሩ የእንግዳውን ትእዛዝ እንደ ራሱ ቆጥሮ ፈጸመ። በጊዜው በተሰጠው ግምት 6,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ተጠቁ። ከጉዳቱ በኋላ የአደጋ ጊዜ አስተባባሪ ማዕከል በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርስቲ ተቋቋመ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

እንግዲህ አንዱ ስሕተት በአንድ ስፍራ የመማሪያ ክፍል ትምህርት ሆነ፤ በሌላው ስፍራ የሕዝብ ጉዳት ሆነ። ዕውቀቱም አዲስ አልነበረም። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ በግልጽ ያልተፈቀደ ሁሉ እንደ ተከለከለ እንዲቆጠር፣ እያንዳንዱ ጥያቄ እንዲመረመር፣ ፕሮግራምም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይሰጠው አስረድተው ነበር። ሆኖም ለፊንገር መጠቃት ምክንያት የሆነው የሲ ቋንቋ ትእዛዝ፣ ጌትስ የተባለው፣ ከቋንቋው ደንብ የተሠረዘው በ2011 ነው። በ2014 የታወቀው የኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ጉድለትም የዚሁ ዘመድ ነበር፤ ፕሮግራሙ ጠያቂው የነገረውን ርዝመት ሳይመረምር አምኖ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎ ባይት የሚደርስ የውስጥ መረጃ አሳልፎ ይሰጥ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የምርምር ውጤት በመጽሔት ስለ ታተመ ብቻ ወደ ሠራተኛው እጅ አይደርስም፤ የሚያደርሰው መምህሩ ነው። ስለሆነም የደኅንነት ጉዳይ በመጨረሻው ዓመት በምርጫ የሚሰጥ ትምህርት ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ከመጀመሪያው የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ጀምሮ የተማሪው ሥራ በመልካም መረጃ ብቻ ሳይሆን በተበላሸ መረጃም ተፈትኖ ሊታረም፣ ተማሪውም የጓደኛውን ፕሮግራም ለመጣል እየሞከረ የአጥቂን አስተሳሰብ ሊያውቅ ይገባል።

የትምህርቱ ሰዓት ተጣቦአል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የማዲሰኑ ሥራ ግን የአንድ ትምህርት የቤት ሥራ ነበር። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ፈተና ስሕተት መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ የንድፍ መርሖችና የማኅደረ ትውስታን ድንበር የሚያስጠብቁ እንደ ረስት ያሉ ቋንቋዎች አብረው ሊሰጡ ያስፈልጋል። ፕሮግራም ዛሬ የባንክ ሒሳብንና የሕሙማንን መዝገብ ይጠብቃል። ይህን አደራ የሚቀበል ባለሙያ፣ የሥራውን ድክመት ከአጥቂው አስቀድሞ መፈለግን ከመምህሩ ሊማር ይገባዋል።