ገደሉም አፋፉም የአንድ ሰው ርስት ነው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የልማት ኮሚቴው ያቀረበውን ሐሳብ ሰምታችኋል። ከደጀን ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ የጎብኚዎች ማረፊያ እንሥራ፣ ዙሪያውንም በአጥር እንከልል የሚል ነው። ለምሳሌ የተጠቀሰው ግራንድ ካንየን ነው። እኔ የምኖረው ፊኒክስ ነው፤ ልጆቼን ይዤም ደጋግሜ ስለሄድኩ ስለ ቦታው ንገሪን ተብያለሁ። ሙያዬ ነርስነት ነውና ያየሁትንና ያነበብኩትን በራሴ ቋንቋ እነግራችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግራንድ ካንየን 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ቦታ ቦታ ላይ 1,800 ሜትር ይደርሳል። የቆረጠው የኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሠራውም ባለፉት አምስት ስድስት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። ድንጋዩ ግን ከወንዙ በብዙ ይበልጣል። አፋፉ ላይ የምትቆሙበት ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ የዛሬ 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የባሕር ወለል ነበር። ከታች ወንዙ አጠገብ ያለው ጥቁር አለት ደግሞ ከ1.7 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

የእኛም ገደል ባሕር አይቷል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሻገሩ ከታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ ታያላችሁ። ልዩነቱ ከላይ ነው። የእነሱ አፋፍ ባሕሩ ራሱ ሲሆን፣ የእኛን ባሕር ግን የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ የወጣ እሳተ ገሞራ በጥቁር ድንጋይ ከድኖታል። ጤፋችን የሚበቅልበት መረሬ አፈር የዚያ ድንጋይ ልጅ ነው። ስለዚህ የእኛ አፋፍ ላይ ሰው አለ። የእነሱ አፋፍ ላይ ዛሬ የምታዩት ሆቴልና የመኪና ማቆሚያ ነው።

እኔም ለብዙ ጊዜ ቦታው ከጥንትም ባዶ የነበረ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። ሃቫሱፓይ የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ስማቸው የሰማያዊ አረንጓዴው ውሃ ሕዝብ ማለት ነው። በጋውን ገደል ውስጥ ወርደው በምንጭ ውሃ በቆሎ፣ ባቄላና ዱባ ያለሙ ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ አፋፉና ወደ ሜዳው ወጥተው ያድናሉ፤ ፍሬ ይለቅማሉ። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። ቤታችን ደጋ፣ ማሽላችን በረሃ ነበር። ዝንጀሮ እንድንጠብቅ ሲልኩን ጨው የነካው ቆሎ በመቋጠሪያ ያስይዙናል። ግራንድ ካንየን ውስጥ በሙቀት ውሃ ብቻ እየጠጣ ጨው አንሶት የሚታመም ብዙ ጎብኚ አለ፤ ጠባቂዎቹም ጨው ያለው ነገር ብሉ እያሉ ይመክራሉ። አያቴ ይህን ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ያውቁ ነበር።

በ1882 የአሜሪካ መንግሥት ለሃቫሱፓዮች ገደል ውስጥ 518 ኤከር ከልሎ፣ ከዚያ ውጭ ያለው የእናንተ አይደለም አላቸው። 210 ሄክታር ቢሆን ነው። የበጋው እርሻ ቀረላቸው፣ የክረምቱ አገር ተወሰደ። ዓመታቸውን ነው ለሁለት የቆረጡባቸው። የእነሱ የነበረውን የእግር መንገድ ሌላ ሰው ይዞ ጎብኚዎችን አንድ አንድ ዶላር ያስከፍልበት ጀመር፤ ዛሬ ብራይት ኤንጀል የሚባለው መንገድ ነው። በ1919 ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዚያው መንገድ ላይ ባለው የአትክልት ቦታ የቀሩት የመጨረሻው ነዋሪ ካፒቴን ቡሮ በ1928 እንዲወጡ ተደረገ። ሕዝቡ ከአፋፉ ላይ 185,000 ኤከር ያህል የተመለሰለት በ1975 ነው። ዘጠና ሦስት ዓመት ቆጠሩ! የአትክልት ቦታው በስማቸው የተጠራው ደግሞ ገና በ2022 ነው።

ይህ የፈረንጅ ጥፋት ብቻ ነው እንዳንል ስሜን ተራሮች አለ። የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ግጦሹ በእርግጥ ተጎድቶ ነበር፤ በዓመቱም ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። ገብስ ሲያርስና ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ከተሜ ሁን ሲባል ምን እንደሚሆን፣ ስደት የምናውቅ እኛ ልንረዳው ይገባል።

ማረፊያውን አልቃወምም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ቆሞ ያን ገደል ቢያይ፣ ልጆቻችንም ቡና ሸጠው ቢያድሩበት ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አጥሩ ነው። ኮሚቴው ባሳየን ሥዕል ላይ አጥሩ ከበረሃ የሚወጣውን የእግር መንገድ አፍ ይዘጋዋል። በዚያ መንገድ በገበያ ቀን ማሽላ የጫነ አህያ ይወጣል። ምጥ የጠናባት ሴትም በቃሬዛ የምትወጣው በዚያው ነው። ልጅ ሆኜ እንዲህ ስትወጣ ያየኋት አንዲት ሴት ነች ነርስ ያደረገችኝ። በደረሰችበት ጊዜ ተሸካሚዎቹ መናገር አቅቷቸው ነበር። በዚያ ቀን ለመዞሪያ የሚሆን ግማሽ ሰዓት አልነበራትም።

ስለዚህ ድምፅ የምንሰጠው ዛሬ አይሁን። ከጥምቀት በኋላ ከእኛ ሁለት ሰው፣ ከአገር ቤት ኮሚቴ ሁለት ሰው ሥዕሉን ይዞ ወደ በረሃ ይውረድ። የታችኞቹን ሰዎች፣ ሴቶቹንም ለብቻ፣ በየት እንደሚወጡና ለማረፊያው የትኛው ቦታ እንደሚሻል ይጠይቅ። መንገዱ ክፍት ሆኖ ማረፊያው ሁለት መቶ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ገደሉ ከዚያም ይታያል። የአውሮፕላኑን ከራሴ እከፍላለሁ፤ አንደኛዋ ወራጅ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ማን እንደሆነ ከእራት በፊት ስሙን ለጸሐፊያችን ይስጥ። ጉልበቱ ደህና የሆነ ሰው ይሁን፤ ቆሎውን እኔ እይዛለሁ።