የዓይን ድርቀት በደጋው አገር፦ ከመጠይቁ እስከ ጠርሙሱ

ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



ዛሬ የማነሣው ርእስ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። በዓይን ድርቀት ሰው አይሞትም። የኮንታክት ሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽም ከትራኮማና ከዓይን ሞራ ጎን ሲቀመጥ የሀብታም አገር ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን በጎንደር ሳስተምርና ታካሚ ስመረምር በቆየሁባቸው ዓመታት ወደ ሌላ አሳብ ደርሻለሁ። ድርቀቱ በመካከላችን አለ፤ ነገር ግን የምንለካበት መጠይቅ ለሌላ ሰው ኑሮ የተዘጋጀ፣ የምናክምበት ጠርሙስም ለሌላ ቤት የታሰበ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ልዩነት ነው።

በመጀመሪያ ስለ እንባ ጥቂት ልበል። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ኮርኒያን የሚያለብሰው ስስ ንጣፍ ከሥሩ ሙሲን የተባለ ልጋግ መሰል ነገር፣ ከመካከሉ ውኃማ ክፍል፣ ከላዩ ደግሞ ቅባት አለው። ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ የተደረደሩት የማይቦሚያን እጢዎች ናቸው። ቅባቱ ሲጎድል ውኃው ቶሎ ይተናል፤ የዓይኑ ገጽ ይቆጣል፤ በቁጣውም እንባ በብዛት ይፈስሳል። ዓይኑ የደረቀበት ሰው ብዙ ጊዜ «ዓይኔ ያለቅሳል» ብሎ የሚመጣው ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዲውስ ሁለት የተባለው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ሪፖርትም ድርቀትን ከብዙ ምክንያት የሚመነጭ የዓይን ገጽ ሕመም ብሎ ይተረጉመዋል፤ መለያው የእንባ ንጣፍ ሚዛን መዛባት ነው።

ምክንያቱ ብዙ ከሆነ የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው? ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለወራት ደረቅ አየር፣ ንፋስ፣ አቧራና ብርቱ ፀሐይ አለ። በቤት ውስጥ የእንጨትና የኩበት ጭስ ይጨመርበታል። ይህ የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ እንባን ያተንናል፤ የዓይንን ገጽ ያስቆጣል።

ሁለተኛው መንገድ ጠባሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 40.1 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር፤ አማራ ክልልም እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀዶ ሕክምና፣ በአዚትሮማይሲን እደላ፣ በፊት ንጽሕናና በአካባቢ ንጽሕና ብዙ ተሠርቷል። ነገር ግን ተህዋሲው ቢጠፋም ጠባሳው አይጠፋም። ጠባሳ የእንባ ቱቦዎችን፣ ሙሲን አመንጪ ሕዋሳትንና የቅባት እጢዎችን ይጎዳል። የትራኮማ ዘመቻ በድል በሚጠናቀቅበት ቀን እንኳ የደረቀ ዓይን ይዘው የሚቀሩ ብዙ እናቶች ይኖራሉ።

ሦስተኛው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። አባቶቻችን ዳፍንት የሚሉት የማታ አለማየት የዚህ እጥረት ምልክት ነው፤ ሲብስ የዓይኑ ገጽ ይደርቃል፤ ኮርኒያው በጥቂት ቀናት ሊቀልጥ ይችላል።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ «ዓይኔ ደረቀ፤ ይቆረቁረኛል» የሚለው አንዱ ቃል ሦስት በር አለው። በጭስና በንፋስ ለተጎዳው ሰው ሰው ሠራሽ እንባ ይጠቅመው ይሆናል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያዋን ለሚፍቃት እናት ግን የሚያስፈልጋት ቀዶ ሕክምና ነው። ዳፍንት ለያዘው ሕፃን ደግሞ የዚያኑ ዕለት የቫይታሚን ኤ እንክብል ሊሰጠው ይገባል። ይህን ሕፃን ጠብታ ሰጥቶ መሸኘት ለዓይነ ስውርነት አሳልፎ መስጠት ነው።

አሁን ወደ መጠይቁ ልለፍ። ድርቀትን ለመመዘን በዓለም በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ እ.ኤ.አ. በ2000 ለኅትመት የበቃው፣ በምሕጻር «ኦ.ኤስ.ዲ.አይ.» የሚባለው ባለ 12 ጥያቄ መጠይቅ ነው። አምስቱ ጥያቄዎች ስለ ዓይን ስሜትና እይታ፣ አራቱ ስለ ዕለት ተግባር፣ ሦስቱ ስለ አካባቢ ናቸው። ተግባር ብሎ የሚጠይቀው ስለ ማንበብ፣ በምሽት መኪና ስለ መንዳት፣ ኮምፒዩተር ወይም የባንክ ማሽን ስለ መጠቀምና ቴሌቪዥን ስለ ማየት ነው። አካባቢ የሚለውም ንፋስን፣ ደረቅ አየርንና የአየር ማቀዝቀዣ ያለበትን ክፍል ነው።

ይህን ወረቀት ይዘን ጃናሞራ ወጥተን አንዲት እናትን እንጠይቅ። መኪና አትነዳም፤ ኮምፒዩተር የላትም፤ የአየር ማቀዝቀዣም አታውቅም። መጠይቁ «አይመለከተኝም» የሚል መልስ ይቀበላል፤ የነጥቡ ድምር በ25 ተባዝቶ መልስ ለተሰጣቸው ጥያቄዎች ብዛት ይካፈላል። ስለዚህ በሒሳብ በኩል ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ነገር ግን ስለ እርሷ ኑሮ የተጠየቀ ምን አለ? እንጀራ ስትጋግር ጭሱ ምን ያህል እንደሚለበልባት፣ ጥጥ ስትፈትል ክሩ መቼ እንደሚደበዝዝባት፣ እህል ስታበጥር ምን ያህል ጊዜ ዓይኗን እንደምትጠርግ አልተጠየቀችም። ዳዊት የሚደግሙት የኔታም ከስንት መዝሙር በኋላ ፊደሉ እንደሚጠፋባቸው የሚጠይቃቸው የለም።

ይህ የትርጉም ጉድለት ብቻ አይደለም። ጥያቄው ራሱ ከሌላ ሰው የዕለት ውሎ የተቀዳ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ብናሳምረውም ጉድለቱ አብሮት ይሄዳል። አንዲት ሴት አምስት ጥያቄ አልፋ በሰባት ጥያቄ የምታገኘው ነጥብና ሌላ ሰው በ12 ጥያቄ የሚያገኘው ነጥብ በአንድ ሠንጠረዥ ሲቀመጡ አንድ ይመስላሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ በሰሜን ጎንደር ደጋ ድርቀትን የሚያጠና ሰው ከመጠይቁ በፊት ከውሎው ይጀምር፤ የቃላቱም ምንጭ «ይቆረቁረኛል»፣ «ይለበልበኛል»፣ «ጉድፍ የገባብኝ ይመስለኛል» የሚለው የታካሚው አፍ ይሁን። ከዚያም መልሱን ከሽርመር ወረቀትና ከእንባ ንጣፍ መበጠሻ ጊዜ ጋር ያመሳክር።

ቀጥሎ ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። ብዙዎቹ የዓይን ጠብታዎች ከብልሽት የሚጠብቃቸው ኬሚካል አላቸው፤ የታወቀው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ነው። ይህ ኬሚካል ተህዋስያንን ይገድላል፤ ሲደጋገም ግን የኮርኒያን ሕዋሳትና ሙሲን አመንጪዎቹን ይጎዳል፤ የእንባን ቅባትም ይበትናል። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ በላይ ለሚጨምር ሰው ኬሚካሉ የሌለበት ጠብታ የሚመከረው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ጠብታ ግን ዋጋው ከፍ ይላል። ለግላኮማ ቲሞሎል የሚወስድ ሰው በዚያው ላይ ኬሚካል ያለበት ሰው ሠራሽ እንባ ሲታዘዝለት መድኃኒቱ ራሱ የሕመሙ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጉዳት የለውም» ብላችሁ በልማድ ጠብታ አትዘዙ። ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውኃ ነክሮ በተዘጋ ዓይን ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማሳረፍና የዓይን ቆብን ጠርዝ ማጽዳት ለቅባት እጢዎቹ የሚጠቅም፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።

የሌንስ ማጠቢያውስ? እስቲ ከደባርቅ የመጣ አንድ ተማሪ እናስብ። በልጅነቱ በአለርጂ ዓይኑን ሲያሽ ኖሮ ኮርኒያው ሾጧል፤ ኬራቶኮነስ ይባላል። መነጽር አላሳየውም፤ ጠንካራ ሌንስ ግን ሰሌዳውን ያነብለታል። ሌንሱን እንስጠው ወይስ እንከልክለው?

ከመመለሳችን በፊት ሁለት ታሪኮችን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ አካንታሜባ የተባለ ተህዋሲ ኮርኒያቸውን ያጠቃባቸው ሌንስ ተጠቃሚዎች ሲጠኑ፣ በቤት ውስጥ በጨው የተበጠበጠ ፈሳሽ ከሕመሙ ጋር ተያይዞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሬኑ ሞይስቸርሎክ የተባለው የባውሽ ኤንድ ሎም ማጠቢያ ፊዩሳሪየም ከተባለ ፈንገስ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ከዓለም ገበያ ወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ 164 ታማሚዎች ተረጋግጠዋል። ያልተከፈተው ጠርሙስ አልተበከለም ነበር፤ ደካማነቱ የታየው በተጠቃሚው እጅና መያዣ ውስጥ ነው። በቤተ ሙከራ የሚፈተንበት ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ አይሶ 14729፣ በዋነኛው ደረጃው ባክቴሪያን በ99.9 በመቶ፣ ፈንገስን በ90 በመቶ መቀነስን ይጠይቃል፤ አካንታሜባ ግን በመፈተኛ ተህዋስያኑ መዝገብ ውስጥ አልነበረም። ይህ ተህዋሲ በቧንቧም በጉድጓድም ውኃ ይኖራል፤ ክሎሪንም በቀላሉ አይገድለውም።

እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ልጁን መከልከል ትምህርቱን መንፈግ ነው፤ ሌንሱን ብቻ አስጨብጦ መላክም ዓይኑን ለአደጋ መስጠት ነው። ሌንሱ የሚሰጠው ሦስት ነገር ሲሟላ ይሁን። አንደኛ፣ ለወራት የሚበቃ ማጠቢያ በእጁ መኖሩ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅን፣ ሌንሱን ማሸትን፣ በትናንቱ ፈሳሽ ላይ አለመጨመርን፣ ሌንሱንም መያዣውንም በውኃ አለመንካትን፣ መያዣውን ደፍቶ ማድረቅን በፊታችን ሠርቶ ያሳየን። ሦስተኛ፣ ማጠቢያው ያለቀበት ቀን ሌንሱን እንዳያደርግ፣ ዓይኑ ከቀላና ካመመው አውልቆ ወዲያው እንዲመጣ ይወቅ። ለጌጥ ብለው ባለ ቀለም ሌንስ ያለ ምርመራ ገዝተው ለሚያደርጉ፣ ይልቁንም ለሚዋዋሱ ወጣቶችም ምክሩ ያው ነው።

ተመራማሪዎቻችንንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የትኛው ፈሳሽ ተህዋሲን የበለጠ ይገድላል የሚለው በሌላው ዓለም በሰፊው ተጠንቷል። ፈሳሹ ደባርቅ ሲደርስ ስንት ያወጣል፣ ሲያልቅ ሰው ምን ይተካበታል፣ የዋግ ልብስ ለባሹ እረኛ ለዓይኑ ምን ያደርጋል የሚለውን ግን ከእኛ በቀር የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ገጠር መንደሮች የላከው ሕመምን በሚኖርበት ቤት ለማወቅ ነበር። የዓይን ድርቀትንም በዚያው ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለን እናጥናው።